ድርብ እዝባር

ሰኞ ጠዋት፣ ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ከአጥር ውጭ ተገፋ።
አቶ ላታሞ ነው፣ ከቱላ የመጣ፣
ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃውን የጠጣ፤
"የባለቤቴን ካርድ" አለኝ ጃንጥላውን አጥፎ።
ስሟን ጽፌ ላክሁት።
ክቧ ዞረች። አረፈች። ዞረች።
አርባ ሰባት ሰከንድ።

ለአንድ ሰው ምንም ነው፤
በመቶ ሃያ ሰው አባዝተህ ቁጠረው።

አስተዳዳሪው "ኔትወርክ"፣ ዘበኛው "መብራት" አለ፤
የግዢ ክፍሉ ሰው "አዲስ ሰርቨር" እያለ
ፕሮፎርማ ሊሰበስብ ወደ ፒያሳ ሄደ፤
ሁሉም የየራሱን መድኃኒት ወደደ።
እኔ ዝም አልሁ።
ሆስፒታል ነው ያለነው፤
ትኩሳት ሳይለካ መርፌ አይወጋም።

ማታ ቢሮው ባዶ። የዓሣ ሽታ ከሐይቁ።
ከመስኮቱ ማዶ፣ ዋርካው ላይ የቆሙት አባ ኮዳዎች፣
ክንፍ ወደ ኋላ፣ አንገት ወደ ትከሻ፣
ሒሳቡ ያልገጠመለት ኦዲተር ይመስላሉ።

መዝገቡ ኤክስ ኤም ኤል ነው፤ መለያ በመለያ ውስጥ፣
ግንድ አለው፣ ቅርንጫፍ፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ቅጠል፤
ሦስት መቶ ሺህ ሰው አንድ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል።
ለካሁ። መጠይቁን ከፍቼ አነበብሁ፤
ገና ከመነሻው ድርብ እዝባር አየሁ።

ድርብ እዝባር ማለት፣
የቤት ቁጥሩን በኪስህ ይዘህ፣
ከጥቁር ውሃ እስከ አላሙራ ሥር
በየበሩ ቆመህ
"ፀሐይነሽ እዚህ አለች?" እያልህ ማደር።

ይህን የጻፈ እጅ ይድረቅ ብዬ ረገምሁ፤
ግርጌው ላይ ስም አለ፤ ጠጋ ብዬ አነበብሁ፦
አስናቀች ዋሪቾ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት።
እኔ ነኝ።

መንገዱን ከሥር እስከ ስም፣ አንድ በአንድ ጻፍሁለት።
ሠላሳ አንድ ሰከንድ።
አሁንም ትኩሳት ነው።

ማውጫ አለው እኮ! አምና በእጄ ሠርቼለታለሁ፤
የአፈጻጸም ዕቅዱን ዘርግቼ ሳየው ግን
ማንም አልነካውም፤
እንደ እንግዳ ሳሎን፣ ሶፋው ከነላስቲኩ።

ከዚያ አንዲት መስመር አገኘሁ፣ የዋህ፣
ሐን ወደ ሀ፣ ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ የምታጥብ።
ጸሐፊው ሁሉ እንደ ልቡ ይጽፋላ!
ጠዋት ፀሐይነሽ የነበረች ከሰዓት ጸሀይነሽ ናት፣
በማታው ፈረቃ ደግሞ ጸኃይነሽ።
እና ቋቱ፣ አንድ ሰው አንድ ስም በጠየቀ ቁጥር፣
የሦስት መቶ ሺህ ሰው ስም ከመዝገብ አውጥቶ፣
አንድ በአንድ አጥቦ፣ አስጥቶ፣
"ይቺ ናት?" ይላል። አይደለችም። ውሃውን ይደፋል፤
ለሚቀጥለው ሰው እንደ ገና ይቀዳል።

ማውጫው የሚያውቀው ያልታጠበውን ስም ነው፤
ታጥቦ የመጣውን በምን ይለየው?

ፈውሱ አጭር ነበር፣ ሌሊቱ ነው የረዘመው።
ሁሉን አንዴ አጥቤ ከጥንቱ ስም ጎን አኖርሁ
(የተጻፈውን አልፋቅሁም፤ የሰው ስም ነው)፤
ማውጫውን በታጠበው ላይ መልሼ ዘረጋሁ።
ታቦር ላይ ጎሕ ሲቀድ ሞከርሁት።
የሰከንድ አራት መቶኛ።
ለማን ልንገር? አባ ኮዳዎቹ ወደ ዓሣው ገበያ ሄደዋል።

ማክሰኞ አቶ ላታሞ ለውጤት ተመለሰ፤
ጣቴ ከቁልፉ ሳይነሣ ካርዱ ደረሰ።
እሱ ግን አልተቀበለኝም። ፊቴን አየ፤ ስክሪኑን አየ።
"ሳትፈልጊ ነው እንዴ የምትሰጪኝ?
ትናንት እንኳ ደክመሽ ነበር የፈለግሽልኝ።"

ምን ይመለሳል?
ካርዱን ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ፣
መነጽሬን አስተካክዬ፣ ስክሪኑን ትክ ብዬ አየሁ፤
በሆዴ እስከ ሰባት ቆጠርሁ።
"እሷው ናት" አልሁት።
ያኔ ወሰደ።